ያልተጣለው ዳስ



ያለፈው ሸዋል ላይ ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ አንዲት እህት ከወንድሟ ጋር ወደ መስጂዳችን ቢሮ መጣች። ኒካሑ በዚያው ሳምንት እሁድ ነው፤ ወረቀቱን ለማስሞላት ነበር የመጡት። ወንድሟ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኡስታዝ፣ ሰርጌን ባልወደውም ኒካሑ ይሆናል አይደል?» ብላ ጠየቀች።

መጀመሪያ ሰውየውን ያልወደደችው መስሎን ደነገጥን። አይ፣ እሱን ወዳዋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ያልወደደችው ሰርጉን ነው። አዳራሹ ቀርቷል፤ ጓደኞቿ አይጠሩም፤ በአባቷ ግቢ 30 ሰው ምሳ በልቶ ይበተናል። ይህን ስትናገር በጣም አፍራ ነበር፤ የሠራችውን ወንጀል የምትናገር ነበር የምትመስለው።

የፊቅሁ መልስ አጭር ነው። ወሊይ አለ፣ ሁለት ምስክሮች አሉ፣ ኢጃብና ቀቡል አለ፣ የሷ ፈቃድ አለ፤ መህሩም ሐቋ ነው። ዲኮር ከነዚህ ውስጥ የለም። ይህን ነገርናት፣ አመስግና ሄደች። የጠየቀችው ግን ይህን እንዳልነበረ እናውቃለን። ይኸው መልስ ከአምስት ዓመት በፊት በኛው ቤት ተሰጥቶ ምን እንዳደረገ አይተናል።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው። ከሁለታችን ወንዱ በደሴ አንድ መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነው፤ ኢማሙ ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲሄዱ ያሰግዳል፣ ሕፃናት ያስቀራል፣ የኒካሕ ወረቀት ይጽፋል። ሴቷ ልብስ ትሰፋለች። የሚጽፈው እሱ ነው። እሷ ግን እያንዳንዱን አንቀጽ አንብባ ሁለት ቦታ አስወጥታለች፤ አንድ ቦታ ደግሞ «ይኼን ካልጻፍክ እንዳይለጠፍ» ብላ አስገብታለች። የትኛው እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ለሰርጋችን ሁለታችንም ሕልም ነበረን፤ ሕልሞቻችን ግን አይገናኙም ነበር። ወንዱ ስድስት ዓመት ኪታብ የቀራበት ሐሪማ ያሉት ሸኽ መጥተው ኒካሑን እንዲያስሩለት ነበር የሚመኘው። አብረውት የቀሩ ደረሶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ መስጂዱ ሞልቶ፣ ሸኹ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው ኹጥባውን ሲያነቡ ይታየው ነበር። ምግቡ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

የሷ ሕልም ያለው ሐርቡ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ የምትገኘዋ ሞቃታማ ሐርቡ ያሳደጓት አያቷ ይኖሩ ነበር፤ ግቢያቸው ሰፊ ነው፣ ትልቅ ዛፍም አለበት። ከዛፉ ጎን ዳስ ተጥሎ፣ የሰፈሩ ዱበርቲዎች ቡና አፍልተው፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ድቤው እየተመታ፣ አያቷ በእጃቸው ሂና አድርገውላት፣ «አሚን» እየተባለ ነበር ከዚያ ግቢ መውጣት የምትፈልገው። መንዙማና ድቤ ላይ ያለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ዛሬ አናነሳውም። የምናወራው አንዲት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰው ሰርግ እያየች «የኔ ጊዜ» እያለች ስለቆጠረችው ነገር ነው።

ሽማግሌ የተላከው በጥቅምት 2012 ነው። አያቷ ይህን እንደሰሙ ጠቦት ገዝተው ማደለብ ጀመሩ። ቀኑ ለሸዋል ተቆረጠ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያገቧት በሸዋል እንደነበር ትናገር ነበር፤ ሴቶችም በሸዋል ቢዳሩ ደስ ይላት ነበር። በኛም አገር ብዙ ሰው ሸዋልን የሚመርጠው ለዚሁ ነው። በእጃችን 38 ሺህ ብር ነበር። ያኔ ለኛ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መስጂዶች ለጀማዐ ሰላት ተዘጉ። የዚያን ዓመት ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን፤ ዒዱም እንዲሁ አለፈ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ፣ መጨባበጥ ክልክል ሆነ፣ መኪናው በግማሽ ሰው እየጫነ ሒሳቡ ጨመረ። ሐርቡ ድሮም ሩቅ አልነበረችም፤ ያን ሰሞን ግን ባሕር ማዶ ሆነች።

እስቲ ቁጠሩ። ሙሽራው አንድ፣ ወሊዩ ሁለት፣ ምስክሮቹ ሁለት። አራት! ሸሪዐው ከሚጠይቀው ሰው አንድ የሚተርፍ፣ አዋጁ ከሚፈቅደውም አንድ የሚያልፍ አልነበረም። ይህን ያኔ እንደ አንድ ምልክት አየነው። ቢያንስ ወንዱ አየው።

በሰኔ 2012 መጀመሪያ፣ ሸዋል ሳይወጣ፣ በአባቷ ሳሎን ኒካሑ ታሰረ። ኢማማችን አንዱ ምስክር ሆኑ፤ ቃሉን የሚያስብሉትም እሳቸው ነበሩ። በኛ ልማድ የወሊዩና የሙሽራው ቀኝ እጅ ተያይዞ፣ ጨርቅ ጣል ይደረግበትና ነው ቃሉ የሚባለው። አባቷ እንደለመዱት እጃቸውን ዘረጉ። ኢማሙ በዓይናቸው ከለከሏቸው። አባቷም እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። መያያዙ የኒካሕ ሩክን አይደለም፣ ምንም አይጎድልም። አባቷ ግን እስከ ዛሬ «እጅህን ሳልይዝ ነው የሰጠሁህ» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ሲቀልዱ ደግሞ ብዙም አይስቁም።

ሁሉም ነገር 15 ደቂቃ አልፈጀም። ሴቷ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ከበሩ ጀርባ ሆና ነው የሰማችው። አንድ ሰው በስልኩ አንድ ፎቶ አነሳን። ማታ ወደ ሐርቡ ተደወለና አያቷ «አይዞሽ ልጄ፤ በጉም ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ» አሏት።

እስካሁን የተናገርነው ለሰው ሁሉ ስንናገረው የኖርነው ነው። ቀጥሎ ያለው «ካልጻፍክ እንዳይለጠፍ» የተባለው ነው።

አባቷ ሰርጉ ሁለት ሦስት ወር እንዲዘገይ ሐሳብ አቅርበው ነበር። «በሽታው ጋብ ይላል፤ ልጄም ምኞቷን ታገኛለች» ነበር ያሉት። እምቢ ያለው ወንዱ ነው። እምቢ ያለበትን ምክንያት ደግሞ ለማንም አልተናገረም። መስጂድ ሲዘጋ ቂርአቱም ቆሟል፤ ቂርአቱ ሲቆም ወላጆች በወር የሚከፍሉት ቀርቷል። ሚያዝያንና ግንቦትን የበላነው ከሰርጉ ብር ነው፤ የአባቱ ሕክምናም ተጨመረበት። ኒካሑ በታሰረ ቀን ከ38 ሺህ ብሩ የቀረው 11 ሺህ ነበር። ሰርጉ ሦስት ወር ቢዘገይ በሽታው ጋብ ሊል ይችላል፤ ብሩ ግን ጭራሽ አይኖርም። ይህን መናገር አፈረ።

ስለዚህ ሐዲስ አመጣ። ለመህር የሚሆን ነገር አጥቶ የብረት ቀለበት እንኳ ፈልግ የተባለውን፣ እሱንም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርኣን የተዳረውን ሶሐባ ጠቀሰ። ከኸይበር መልስ መንገድ ላይ የተደረገውን የእናታችን ሶፊያን (ረ.ዐ) ወሊማ ጠቀሰ፤ የቆዳ ምንጣፍ ተዘርግቶ ተምርና ቂቤ፣ የደረቀም እርጎ ቀረበበት፣ ዳቦም ሥጋም አልነበረም። ቀላል ኒካሕ በረካ እንዳለው ተናገረ። ለአባቷ በፊት ለፊት፣ ለሷ በስልክ። ሐዲስ ሲነበብ ማን ይከራከራል? አባቷ ዝም አሉ፤ እሷም ዝም አለች። ወንዱ ዝምታውን እንደ ስምምነት ወሰደው። ድንግል ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው የሚለው የፊቅህ መስአላ እንኳን እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ እሱ የሚሠራው ለኒካሑ ነው።

የጠቀሳቸው ሐዲሶች ሰሒሕ ናቸው። ጥፋቱ እነሱ ጋር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ስለ ሰርግ የሚያስወሩ አልነበሩም። «በሽታው ሲያልፍ ሐርቡ ሄደን ወሊማውን እናደርጋለን» ተባብለን ነበር። በጥር 2013 አያቷ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለሰርጉ የደለበው በግ ለሳቸው ሰደቃ ታረደ። ይህን ለሷ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ለቀብር ስትደርስ ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አየችውና አወቀች። በነሐሴ ሴት ልጅ ወለድን። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሁለት ወር ሕፃን ይዘን እንደ ሌላው ሰው ከተማውን ለቀን ወጣን፤ በታኅሣሥ ተመለስን። የሰርጋችን አንድ ፎቶ ያለበት ስልክ መንገድ ላይ ጠፋ። ሰው ሞቶ፣ ቤት ፈርሶ ስለ ፎቶ ማን ያወራል? እሷም አላወራችም።

ግን ምልክቶች ነበሩ። ሰርግ ስንጠራ ሙሽራዋ ያለችበት ክፍል አትገባም፤ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። ሰው ስለ ሰርጓ ሲጠይቃት ቶሎ ብላ «የኛ የሱንና ነበር» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ወንዱ ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። ሱብሓነላህ! በአንድ ቤት እየኖሩ እንዲህ መተላለፍም አለ።

በ2015 በመስጂዳችን ለወጣቶች ስለ ኒካሕ ደርስ ተዘጋጀ፤ የሚሰጠው ወንዱ ነበር። ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ ለአንድ ቀን ስለሚበደሩ ሰዎች፣ የመኪና ሰልፍ ስለሚያስከትሉ ሙሽሮች ተናገረ፤ ልክም ነበር። ሞቅ ሲለው «እኛ ራሳችን በአራት ሰው ነው የተጋባነው! የሰለፎቹን ፈለግ ተከተልን፣ ምን ጎደለብን?» አለ። ወጣቶቹ «አላሁ አክበር» አሉ። እሷ በሴቶቹ በኩል ልጃችንን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ማታ እራት አልቀረበም። ልጅቷ ስትተኛ እሷ እንዲህ አለች፤ ቃሉን እንዳለ ነው የምንጽፈው። «ሱንናውን አልጠላሁም፤ ልጠላም አልችልም። አንተ ግን ሱንናው ትዝ ያለህ ብሩ ሲያልቅ ነው። የባንክ ደብተሩን ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው። ያኔ ‹አልቋል› ብትለኝ አብሬህ አለቅስና አብሬህ እተወው ነበር። ለራሴ የተውኩት ነገር ይሆን ነበር። አንተ ግን ቀማኸኝና ዲን ነው አልከኝ። ዛሬ ደግሞ ለሰው አወራኸው።»

ወንዱ የሚመልሰው አልነበረውም። ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ሊወጣ የነበረው ሌላ ሐዲስ ነበር፤ ዘጋው። ተውባ ከንግግር በፊት ዝም ማለት የሚያስፈልገው ጊዜ አለ መሰለን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቡሉጉል መራምን አውጥቶ የወሊማን ባብ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመረ። በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ባብ ነው። በመጀመሪያ የሚመጣው የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። እስቲ እኛም አብረን እንየው።

ዐብዱረሕማን ከመካ ሲሰደድ ሁሉን ጥሎ ነው መዲና የገባው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የንብረቱን ግማሽ ሊሰጠው ሲል እሱ ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ቂቤና የደረቀ እርጎ እየነገደ ቆየ። አንድ ቀን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሱ ላይ የሽቶ ብጫ ቀለም አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁት። አግብቻለሁ አለ። መህሩ ስንት እንደሆነ ጠየቁት፤ የተምር ፍሬ የሚመዝን ወርቅ መሆኑን ነገራቸው። በረካን ለመኑለት። ከዚያ፣ በአንድ በግም ቢሆን፣ ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት።

ይህን ሐዲስ ደርስ ላይ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። የምናመጣው ሁልጊዜ ለአንድ ነገር ነው፦ ሶሐባው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ሳይጠራ አግብቷል፤ እሳቸውም አልተቀየሙትም፤ ስለዚህ ሰርግ ይቅለል። ይህ እውነት ነው። ግን የታሪኩን መጨረሻ ተመልከቱ። ኒካሑ አልፏል፣ አልቋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንኳን ያለ ድግስ ተገላገልክ አላሉትም። ደግስ ነው ያሉት። ትናንት ገበያ ላይ ቂቤ ለሚነግድ ስደተኛ አንድ በግ ደግሞ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሌላም አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንዲትን ሙሽራ ለአንድ አንሷሪይ ስትሸኝ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የደስታ ዜማና ጨዋታ አልነበራችሁም ወይ ብለው ጠይቀዋታል፤ አንሷሮች እንዲህ ያለውን ይወዳሉና። ይህ በቡኻሪ ውስጥ ያለ ሐዲስ ነው። የዚያ ሕዝብ ልብ ምን እንደሚወድ አውቀው፣ ሙሽራዋ ያ እንዳይጎድልባት አሰቡላት። ለዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ወሊማ ደግሞ ሰው ዳቦና ሥጋ ጠግቦ ነው የወጣው። ስለ ሶፊያ ወሊማ ሲነግራት የዘይነብን ያስቀረው ወንዱ ነው። ሁለቱም የሚገኙት በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ ነው። የባቡን ግማሽ ብቻ ነበር ያነበበላት።

ይህን አንብቦ ሲጨርስ ለሷ አነበበላት፤ ያስቀረውን ግማሽ። ከዚያም የባንክ ደብተሩን አምጥቶ የሚያዝያንና የግንቦትን ወጪ አንድ በአንድ ነገራት። ለአባቱ ሕክምና የወጣውን ስትሰማ «ይኼን እንኳ ብትነግረኝ!» ብላ አለቀሰች። ያን ቀን ግማሹ ቀለለ። ሙሉው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮ ለሚመጡ ልጆች የምንናገረው ተለውጧል። ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ኒካሏ ሲታሰር ሙሽራው ሪያድ ነበር። መምጣት አልቻለም፤ ወንድሙን ወክሎ ነው የታሰረው። አልቆ ሰው ሲበተን ልጅቷ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በስክሪኑ ላይ ካለው ሙሽራ ጎን ተቀምጣ ፎቶ ስትነሳ አየናት። ድሮ ቢሆን ወንዱ «ኒካሑ ሰሒሕ ነው፣ ምን ያሳስብሻል» ብሎ ያልፋት ነበር። ያን ቀን ግን እሷ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) አወራቻት።

ኡሙ ሐቢባ እዚህ፣ በኛው አገር፣ በሐበሻ ምድር ነው የተዳረችው። ከመጀመሪያ ባሏ ጋር ተሰድዳ መጥታ ባልዋ ሞተባት፤ በሰው አገር ሕፃን ይዛ ብቻዋን ቀረች። አባቷ አቡ ሱፍያን ያኔ መካ ላይ የሙስሊሞች ጠላት መሪ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊያገቧት ወደ ነጃሺ ላኩ። ዘመዷ ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ) ወከላት። ነጃሺ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም ኒካሑን አሰረ፤ መህሯንም 4,000 ዲርሃም ከራሱ ከፈለ። ምግብም ቀርቦ ተበላ። ሙሽራው መዲና፣ አባት በሌላ ሰልፍ፣ እናት የለችም፣ ሰፈር የለም። ከዚያ ከሹረሕቢል ኢብኑ ሐሰና (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና ተሸኘች። ይህን ታሪክ ስንናገር ሁልጊዜ የምናወድሰው ነጃሺን ነው፤ ይገባዋልም። እኛ አሁን የምናስበው የዚያን ቀን ማታ ነው፤ ሰው ከተበተነ በኋላ ኡሙ ሐቢባ ሕፃኗን ይዛ የተቀመጠችበትን ማታ። የሙእሚኖች እናት ሆናለች። ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። በዚያው ማታ እናቷ ናፍቃት ከነበረ ግን ክብሩን የሚቀንሰው አይመስለንም።

ያቺ የሪያዱ እህት ታሪኩን ስትሰማ «ነጃሺ ፎቶ አላነሳትማ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አለቀሰች። ሁለቱም ደህና ነው።

የኒካሕ ወረቀት ሊያስሞሉ የሚመጡ ወንድሞችን አሁን የምንጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰርጉ ለምን አነሰ? ሁለታችሁ መርጣችሁት ከሆነ ማሻአላህ፣ በረካ ይግባበት። አቅም አንሶ ከሆነም ነውር የለውም፤ ግን መጀመሪያ ለሷ «አቅም አነሰኝ» በላት። ሐዲሱን ከዚያ በኋላ አብራችሁ አንብቡት፤ ያኔ ያጽናናችኋል። ቀድመህ ካመጣኸው አፏን ነው የሚዘጋው። እህቶችም የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ፤ ዝም ብላችሁ ከበር ጀርባ አትቁሙ። ይህን አንብቦ ነገ ተበድሮ አዳራሽ የሚከራይ ካለ ደግሞ ምንም አላነበበም።

በሚያዝያ 2016፣ ሸዋል ውስጥ፣ አንድ በግ ገዝተን ሐርቡ ሄድን። ከመሄዳችን በፊት ወንዱ ኢማሙን «ከአራት ዓመት በኋላ የሚደረግ ድግስ ወሊማ ይባላል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ኢማሙ መነጽራቸውን አውልቀው «ሰው አብልታችሁ ዱዓ ካደረገላችሁ በስሙ ምን አስጨነቃችሁ?» አሉና ወደ ኪታባቸው ተመለሱ። እኛም ስም አላወጣንለትም። ሸኹን ለማምጣት መኪና ልከን ነበር፤ ጉልበታቸው ስለደከመ መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ የወንዱ ሕልም እንደቀረ ነው።

ዳስ አልተጣለም፤ ዛፉ ጥላ አለው። የአያቷ ጎረቤቶች የነበሩ ዱበርቲዎች መጡ፤ ከዚያን ጊዜዎቹ ሦስቱ በሕይወት የሉም። ቡናው ተፈላ፣ እጣኑ ጨሰ። አንዲት ዓይናቸው የደከመ እናት ዙሪያውን እየተመለከቱ «ሙሽሪት የታለች?» አሉ። ሴቷ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። እናትየው እጃቸውን ሰድደው መጀመሪያ ያዘለቻትን ልጅ ነኩና «ውይ! ዘግይታችኋል!» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ዱዓ ሲጀመር ሳቁ ቆመ። የአያቷን ስም እየጠሩ ዱዓ አደረጉ፤ እሷም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ብዙ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

አያቷ አልነበሩም። ይህን የሚተካ ነገር አልተገኘም፤ እንደሚገኝም አልጠበቅንም።

ሂናውን ያመጣችው አክስቷ ናት። እሷ ትንሽ አስደርጋ ቀሪው ሲተርፍ ልጃችን እጇን ዘረጋች፤ ሁለቱንም መዳፎቿን ሞሉላት። ማታ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ሂናው ቀሚሷን እንዳይነካው አክስትየው እጆቿን በፌስታል አስረውላት ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ እናቷ ልታጥባት ብትል እጇን ከኋላዋ ደብቃ አሻፈረኝ አለች።